ቅናት ወይስ ምቀኝነት? ስለ ግሪክ አማልክትና ስለ ሟች ወዳጆቻቸው የቀረቡ የአንባብያን ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ስለ ኦሊምፖስ አማልክት ያወጣነውን ጽሑፍ ተከትሎ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ሆነው አግኝተናቸዋል፤ ይኸውም አማልክት ሰውን ሲወዱ፣ አልፎ ተርፎም ሰውና ሰው ሲዋደዱ፣ መከራው ለምን በሟቹ ወገን ላይ ይወርዳል የሚለው ነው። ከእነዚህ ውስጥ አምስቱን መርጠን እንደሚከተለው መልስ ሰጥተንባቸዋል።

ጥያቄ፦ የዜውስንና የሄራን ታሪኮች ለልጆቼ ሳነብላቸው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ «ጥፋተኛው እሱ ሆኖ ሳለ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ልጅቷ የምትቀጣው?» ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁላት። ዜውስ ከወደዳቸው ሴቶች ሴሜሌ ተቃጠለች፤ ኢዮ ላም ሆነች፤ ካሊስቶ ድብ ሆነች፤ ዜውስን ግን የነካው የለም። ሄራ በባሏ ላይ የማትነሣው ለምንድን ነው? (አንዲት እናት)

መልስ፦ ልጅዎ የጠየቀችውን ግሪኮች ራሳቸውም ጠይቀውታልና መልስ ማጣትዎ አይግረምዎት። በቅድሚያ ግን ሄራ በባሏ ላይ ተነሥታ አታውቅም የሚለው ግምት መታረም አለበት። ባለቅኔው ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት በተረከው በኢሊያድ የመጀመሪያ ክፍል እንደሚነገረው ሄራ ከፖሰይዶንና ከአቴና ጋር ሆና ዜውስን ለማሰር አድማ መታ ነበር፤ አድማው የከሸፈውም ቴቲስ የተባለችው የባሕር አምላክ መቶ እጅ ያለውን ግዙፍ ፍጡር ጠርታ ከዜውስ አጠገብ ስላስቀመጠችው ነው። በሌላ ጊዜ ደግሞ ዜውስ ከሟቿ ከአልክሜኔ የወለደው ሄራክለስ ከትሮይ በመርከብ ሲመለስ፣ ሄራ ባሏን በእንቅልፍ አስይዛ ማዕበል አስነሣችና ልጁን ወደ ኮስ ደሴት ወስዳ ጣለችው። ዜውስ ሲነቃ ምን እንዳደረጋት በአሥራ አምስተኛው ክፍል ራሱ ያስታውሳታል፤ እጆቿን በማይበጠስ የወርቅ ሰንሰለት አስሮ፣ አንጥረኛ ብረት የሚቀጠቅጥባቸውን ሁለት መስፎች ከእግሮቿ አንጠልጥሎ፣ በደመናት መካከል ሰቀላት፤ ሊያስፈታት የሞከረውንም አምላክ ሁሉ እየያዘ ከደጃፉ ወደ ምድር ወረወረው። ሄራ ይህን ሲያስታውሳት ተንቀጠቀጠች።

እነዚያን ሁለት መስፎች ልብ ይበሉልኝ። ከእርሷ በላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም ሞክራው አይታዋለች። ስለዚህ ቁጣዋ ሁሉ የሚፈስሰው ወደ ታች፣ አቅም ወደሌላቸው ሴቶችና ወደ ልጆቻቸው ነው። ይህን ስል ድርጊቷን ትክክል ለማስመሰል ፈልጌ አይደለም፤ የታሪኩ አሠራር እንዲህ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ሁለተኛው ነገር ግሪኮች «ቲሜ» ይሉት የነበረው ነው። ቃሉ ክብር ማለት ነው፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ አምላክ የተመደበውን ድርሻም ያመለክታል። ለፖሰይዶን ባሕሩ፣ ለሐዴስ የሙታን አገር እንደ ተሰጠ ሁሉ፣ የሄራ ድርሻ ሕጋዊው ጋብቻ ነው፤ ከጋብቻ ውጭ የሚወለድ የዜውስ ልጅ ሁሉ ከዚህ ድርሻ ላይ ቆርሶ የሚወስድ ነው። ሄራክለስ ሊወለድ በነበረበት ቀን ዜውስ በአማልክት ፊት «ዛሬ ከእኔ ዘር የሆነ፣ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ የሚገዛ ሰው ይወለዳል» እያለ ሲኩራራ፣ ሄራ ቃሉን በመሐላ እንዲያጸናው ካደረገች በኋላ ወዲያው ወደ አርጎስ ወረደች። በዚያም የአልክሜኔን ምጥ አዘግይታ፣ ገና በሰባተኛ ወሩ የነበረውን የሌላ ሴት ፅንስ፣ እርሱም በአባቶቹ በኩል የዜውስ ዘር የሆነውን ኤውሪስቴውስን፣ አስቀድማ አስወለደች። ሄራክለስ ለዚያ ደካማ ንጉሥ ያገለገለው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ሲታይ የሄራ ቅናት ከመኝታ ቤት አልፎ ርስትና ሥልጣን የሚከፋፈልበት ጉዳይ መሆኑ ይገለጣል።

የሴሜሌን ታሪክ ግን ከሁሉ አስበልጬ እንዲያነቡላት እመክራለሁ። ሴሜሌ የቴባይ ንጉሥ የካድሞስ ልጅ ስትሆን ከዜውስ ፀንሳ ነበር። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ እንደሚተርከው ሄራ በመብረቅ ወይም በሌላ ጉልበት አልመጣችባትም፤ ፀጉሯን አሸብታ፣ ቆዳዋን አጨማድዳ፣ ወገቧን አጉብጣ፣ በሚንቀጠቀጥ እርምጃ፣ የሴሜሌን የቀድሞ ሞግዚት መስላ ወደ ቤቷ ገባች። ከዚያም እንደ ማንኛዋም አሳቢ አሮጊት አጠገቧ ተቀምጣ፣ ዜውስ እንዲሆን እንደምትመኝላት፣ ነገር ግን በአማልክት ስም እያታለሉ ወደ ንጹሐን ሴቶች ጓዳ የገቡ ወንዶች ብዙ መሆናቸውን፣ ስለዚህም ወደ ሚስቱ ወደ ሄራ በሚቀርብበት ግርማ እንዲገለጥላት ብትጠይቀው እንደሚሻል አጫወተቻት። ሴሜሌም አስቀድማ የምትጠይቀውን ሁሉ እንዲፈጽምላት አስማለችውና ይህንኑ ጠየቀች። ዜውስ ገና እየተናገረች ሳለ አፏን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ ቃሉ ግን ቀድሞት ወጥቶ ነበር። በስቲክስ ወንዝ ከማለ በኋላ ማፍረስ ስለማይቻለው፣ ከመብረቆቹ መካከል ቁጣውና ነበልባሉ ቀለል ያለውን መርጦ መጣ፤ እርሱም ቢሆን ለሰው ገላ የሚቻል አልነበረም።

ይህ የመብረቅ ምርጫ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል፤ እንዳይገድላት የቻለውን ሁሉ አድርጎ ገደላት። ከሆዷ ተነጥቆ የወጣው ፅንስ በዜውስ ጭን ተሰፍቶ ዲዮኒሶስ ሆኖ ተወለደ። ዩሪፒደስ ከሞተ በኋላ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ405 ዓመት ገደማ በአቴና ለመድረክ በበቃው ተውኔቱ ላይ ደግሞ ይኸው ልጅ አድጎ ወደ ቴባይ ሲመለስ፣ የእናቱ መቃብር ገና ሲጨስ ያገኘዋል። የሴሜሌ እኅቶች ግን ከተራ ሰው ፀንሳ በዜውስ ስም ስለ ዋሸች ተቀጣች እያሉ ያወሩ ነበር። ተመልካቹ በቲያትሩ ተቀምጦ የተቃጠለችው ሴት እውነተኛ እንደ ነበረች እያወቀ፣ የገዛ እኅቶቿ ውሸታም ሲሏት ይሰማል። ስለዚህ ለልጅዎ የታዘበችው በደል እውነት መሆኑን፣ ያንንም በደል ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት በአደባባይ ለሕዝብ ያሳዩ ጸሐፊዎች እንደ ነበሩ ሊነግሯት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ከሆሜር ኦዲሲ አምስተኛ ክፍል አምላኳ ካሊፕሶ ለአማልክት መልእክተኛ ለሄርሜስ የምትናገረውን ወደ አማርኛ ለመመለስ እየሞከርኩ ነው። አማልክቱን «ቀናተኞች» ልበላቸው ወይስ «ምቀኞች»? የያዝኩት የእንግሊዝኛ ትርጉም በአንድ ቃል ስላለፈው ልወስን አልቻልኩም። (ትርጉም የጀመረ ወጣት)

መልስ፦ ሁለቱም ያስፈልጉዎታል፤ የዚህ ንግግር ጥሬ ዘር በአማርኛ ከብዙ ቋንቋዎች ይልቅ ተመችቶ የሚበቅል ይመስለኛል።

በእኛ አነጋገር ቅናት የራሴ ነው ከሚሉት ነገር ይነሣል፤ ባል በሚስቱ፣ ሚስት በባሏ ትቀናለች። ምቀኝነት ግን ለራስ የሚፈልጉት ነገር ባይኖርም እንኳ የሌላውን ማግኘት አለመውደድ ነው። ቅናት በጎ ገጽም አለው፤ «የቤትህ ቅናት በላኝ» የሚለውን መዝሙር ያነበበ ሰው ይህን ያውቃል፤ በግሪክኛውም መጽሐፍ ቅዱስ በዚያ ስፍራ የገባው «ዜሎስ» የሚለው ቃል ነው። ምቀኝነት ግን በጎ ሆኖ የሚነገርበት ስፍራ የለውም።

አሁን ወደ ካሊፕሶ እንመለስ። ከትሮይ ጦርነት ወደ ቤቱ ይመለስ የነበረውን ኦዲሴዎስን በደሴቷ ሰባት ዓመት ካኖረችው በኋላ፣ ሄርሜስ «ልቀቂው» የሚለውን የዜውስን ትእዛዝ ይዞላት ይመጣል። እርሷም ደንግጣ አማልክቱን በመጀመሪያ ከዚያው ከዜሎስ በሚወጣ ቅጽል «ዜሌሞኔስ»፣ ማለትም ቀናተኞች፣ ትላቸዋለች። ቀጥላ ግን ሌላ ግሥ ታመጣለች፤ «አጋማይ» ከሚለው የወጣውን፣ ለሰው ያገኘውን መንፈግን የሚገልጸውን ቃል፣ በዐሥራ ሁለት መስመሮች ውስጥ ሦስት ጊዜ ትደጋግመዋለች። ለዚህ ግሥ «ትመቀኛላችሁ» ከማለት የተሻለ አላገኘሁለትም። ስለዚህ ቅጽሉን በቅናት፣ ግሡን በምቀኝነት ቢመልሱት የንግግሩ ቁጣ እየበረታ መሄዱ ይጠበቃል።

የምትሰጣቸው ምሳሌዎችም ይህንኑ ያጸናሉ። የንጋት አምላክ ኤዎስ ኦሪዮንን ወደደችው፤ አርጤምስ በኦርቲጊያ በፍላጻ ገደለችው። ዲሜተር ሦስት ጊዜ በታረሰ ማሳ ውስጥ ከኢያሲዮን ጋር ተኛች፤ ዜውስ ሲሰማ በመብረቅ ጣለው። አርጤምስ ድንግል አምላክ ናት፤ ኦሪዮንን ለራሷ አልፈለገችውም፤ በዚህ ታሪክ የተቀማችው ባልም የላትም። እዚህ ላይ የሚጠበቀው ትዳር ሳይሆን በሚሞቱትና በማይሞቱት መካከል ያለው ድንበር ነው፤ ድንበሩም በወንዶቹ አማልክት ሲጣስ ዝም ይባላል፤ በሴቶቹ ሲጣስ ግን ደም ያስከፍላል። ካሊፕሶ የምትከሰው ይህን ነው፤ ክሷም ትክክል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አይለፍዎት። በሃያ ሦስተኛው ክፍል ፔኔሎፔ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጣው ሰው በእርግጥ ባሏ መሆኑን በአልጋው ምስጢር ስታረጋግጥ፣ እያለቀሰች አንገቱ ላይ ተጠምጥማ የምትናገረው ቃል አለ። አብረን ሆነን በወጣትነታችን እንዳንደሰትና እስከ እርጅና ደጃፍ እንዳንደርስ አማልክት ተመቀኙን ትለዋለች። ግሡ ካሊፕሶ የተጠቀመችበት ያው ግሥ ነው። አንዱን ሰው የወደዱት ሁለቱ ሴቶች፣ የማትሞተውም ሟቿም፣ እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ አማልክትን በአንድ ቃል ይከሳሉ። በአማርኛዎም በሁለቱ ስፍራ አንድ ቃል ቢያስገቡ አንባቢዎ ይህን መስማማት ያገኘዋል፤ ቃሉን ቢለዋውጡት ግን ይጠፋል።

የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቶስ ኋላ ላይ የአቴናውን ጠቢብ ሶሎንን ከሊዲያው ንጉሥ ከክሮይሶስ ጋር ሲያነጋግር የሚጠቀምበት «ፍቶኖስ» የተባለው ቃል ከተነሣ፣ እርሱ ያለ ጥርጥር ምቀኝነት ነው። አፍላጦን አጥብቆ የተቃወመው ያንን ነው፤ ከአማልክት ማኅበር ውስጥ ፍቶኖስ ቦታ የለውም ብሏል።

ጥያቄ፦ ኤዎስ የወደደችውን ሟች ሰው ቲቶኖስን እንዳይሞት አድርጋ ወጣትነትን መለመን ረሳች ይባላል። ይህ የቅናት ታሪክ ነው ወይስ የስሕተት? ልጃቸው ሜምኖን የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበር መባሉስ እውነት ነው? (አንድ ጡረተኛ መምህር)

መልስ፦ በቲቶኖስ ታሪክ ውስጥ የቀና አምላክ የለም፤ ታሪኩን ከሁሉ የከበደ የሚያደርገውም ይህ ይመስለኛል። ዜውስ የለመነችውን ሁሉ ሰጥቷታል። ለአፍሮዲቴ በተዘጋጀው ጥንታዊ መዝሙር እንደሚነገረው፣ ቲቶኖስ ወጣት ሳለ ሁለቱ በምድር ዳርቻ፣ በውቅያኖስ ጅረቶች አጠገብ በደስታ ኖሩ። የመጀመሪያው ሽበት በራሱና በጢሙ ላይ ብቅ ሲል ኤዎስ ከመኝታው ራቀች፤ ነገር ግን በቤቷ አስቀምጣ እህልና አምብሮሲያ እየመገበችው፣ ያማረ ልብስ እያለበሰችው ተንከባከበችው። በመጨረሻ እጅና እግሩን ማንሣት ሲያቅተው በአንድ ክፍል ውስጥ አስተኝታው የሚያበሩትን መዝጊያዎች ዘጋችበት። ከውስጥ ድምፁ ሳያቋርጥ ይሰማል፤ ጉልበቱ ግን አልቋል። ኋላ የመጡ ጸሐፊዎች በሙቀት ቀን ዛፍ ላይ ሆኖ ያለ ዕረፍት ወደሚጮኸው ሲካዳ ወደሚባለው ነፍሳት ተለወጠ ብለው ጨመሩበት።

ባለቅኔዋ ሳፎ ስለ ራሷ እርጅና በጻፈችው ግጥም፣ ፀጉሯ መንጣቱንና ጉልበቶቿ አልሸከም ማለታቸውን ከተናገረች በኋላ፣ የማትሞት ሚስት ኖራው ሳለ እርጅና የያዘውን ቲቶኖስን ታነሣለች። ይህ ግጥም ለረጅም ዘመን በቁርጥራጭ ብቻ ይታወቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በጀርመን ኮሎኝ በሚገኝ የፓፒረስ ቅሪት ላይ የተነበበው ጽሑፍ ሲታተም ግን ጎዶሎው አብዛኛው ተሞላ።

በዚህ ታሪክ መለያየትን የሚያመጣው የጊዜ ልዩነት ነው፤ እርሷ በየማለዳው እንደ አዲስ ትወጣለች፤ እርሱ በየማለዳው አንድ ቀን ያረጃል። በእኔ አስተያየት ሌሎቹም ታሪኮች ከቁጣውና ከመብረቁ ሥር ይህንኑ ልዩነት ይዘዋል፤ እዚህ ላይ የሚቀጣ አምላክ ስለሌለ ራቁቱን ቆሞ ይታያል።

ስለ ሜምኖን፣ አዎን፣ ሄሲዮድ ኤዎስ ለቲቶኖስ የወለደችለት የነሐስ ቁር የደፋ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ይለዋል። በዚያ ዘመን ግሪኮች በዚህ ስም የሚጠሩት በፀሐይ መውጫና መግቢያ አቅጣጫ በዓለም ዳርቻ ይኖራሉ ያሏቸውን ጠይም ሕዝቦች ስለ ነበረ፣ ስሙን ዛሬ ካለው ድንበር ጋር አንድ ማድረግ አይገባም። ሜምኖን ትሮይን ሊረዳ መጥቶ በአኪሌስ እጅ ወደቀ። በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ዱሪስ የተባለው የአቴና ሠዓሊ የሳለበት ጽዋ አለ፤ በጽዋው ውስጥ ክንፍ ያላት ኤዎስ በሁለት እጆቿ የተዘረጋውን የልጇን ሬሳ ተሸክማ ጎንበስ ብላ ትታያለች። ባሏ እንዳይሞት የለመነችው እናት ለልጇ ሞት የደረሰችው እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ የፍቅር አምላክ የኤሮስና የሟቿ የሳይኪ ፍቅር ከዚህ ወገን ይቆጠራል? (አጭር ጥያቄ ያላት አንባቢ)

መልስ፦ በከፊል ይቆጠራል፤ አፍሮዲቴ ሰዎች እርሷን ትተው ሳይኪን ስላመለኩ ተቆጥታ ልታጠፋት መነሣቷ ከዚሁ ወገን ነው። ይሁን እንጂ ሙሉ ታሪኩ የደረሰን ከግሪኮች ሳይሆን በሁለተኛው መቶ ዘመን ዓ.ም. በላቲን ከጻፈው ከሰሜን አፍሪካው ተወላጅ ከአፑሌዩስ ነው፤ አማልክቱንም በሮማ ስማቸው ይጠራቸዋል። ፍጻሜውም እንግዳ ነው፤ ልጅቷ አምብሮሲያ ጠጥታ የማትሞት ትሆናለች፤ ሠርግም ይደገሳል። ሴሜሌና ቲቶኖስ ባሉበት ተርታ ይህን የሚመስል መጨረሻ ብርቅ ነው።

ጥያቄ፦ አማልክት ሲመርጡት «አይሆንም» ያለ፣ ከዚያም በሰላም የኖረ ሰው አለ? ዳፍኔ ዛፍ ሆናለች፤ ካሳንድራ ትንቢቷን የሚያምናት አጥታለች። (ከቋሚ አንባቢዎቻችን አንዱ)

መልስ፦ አዎን፣ አሉ። ኦዲሴዎስ አንዱ ነው። ካሊፕሶ እንዳያረጅና እንዳይሞት ላድርግህ ስትለው፣ ሚስቱ በመልክና በቁመና ከእርሷ እንደምታንስ፣ ሟች መሆኗንም ሳይክድ፣ ዕለት ዕለት የሚመኘው ወደ ቤቱ መመለስን እንደሆነ ይነግራታል። አነጋገሩ ጨዋነት የተሞላ ነው፤ አትቀየሚኝ ብሎ ይጀምርና እውነቱን ይናገራል።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ብዙ ሰው የማያነሣውን የማርፔሳን ታሪክ ነው። ማርፔሳ የኤዌኖስ ልጅ ስትሆን ኢዳስ የተባለው ሟች ሰው ፖሰይዶን በሰጠው ክንፍ ባለው ሠረገላ ይዟት ሄደ። አባቷ ተከትሎ ሊደርስባቸው ስላልቻለ ፈረሶቹን አርዶ ራሱን ወንዝ ውስጥ ጣለ፤ ወንዙም በስሙ ተጠራ። በመሴኔ ደግሞ አፖሎ ደርሶ ልጅቷን ነጠቀው። ኢዳስ እንደ ሌሎቹ ወደ ኋላ አላለም፤ ሆሜር እንደሚለው በአምላኩ ላይ ቀስቱን ገተረ። ዜውስም መካከላቸው ገብቶ አገላገላቸውና ከእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ፈጽሞ ያልለመድነውን ነገር አደረገ፤ ልጅቷን ማንን እንደምትመርጥ ጠየቃት።

ማርፔሳ ስታረጅ አፖሎ እንደሚተዋት ፈርታ ኢዳስን መረጠች። ኤዎስ ከቲቶኖስ ሽበት እንደራቀች ያነበበ ሰው ፍርሃቷን ከንቱ አይለውም፤ አብሯት የሚያረጀውን መረጠች። አፖሎም አልተበቀላትም። ተጓዡ ፓውሳኒያስ በሁለተኛው መቶ ዘመን ዓ.ም. በኦሊምፒያ ባየው ጥንታዊ ሣጥን ላይ ኢዳስ ማርፔሳን ይዞ ሲመለስ ተቀርጾ ነበር፤ ከሥዕሉ አጠገብም ያለ ፈቃዷ እንዳልሆነ የሚናገር ጽሑፍ ነበረበት።

ሴት ልጅ ወለዱ፤ ስሟን ክሌዎፓትራ አሏት። በቤት ውስጥ ግን አባትና እናቷ አልኪዮኔ ይሏት እንደ ነበር ሆሜር ይነግረናል። አልኪዮን በኀዘን ጩኸቷ የምትታወቅ የባሕር ወፍ ናት፤ እናትየው አፖሎ በነጠቃት ጊዜ እንደዚያች ወፍ አልቅሳ ስለ ነበር፣ ያንን ልቅሶ በልጃቸው የቤት ስም አስቀመጡት።